ፋየርዎል ምንድን ነው?

ቃሉ ከግንበኞች ዘንድ የመጣ ነው። ተያይዘው በተሠሩ ቤቶች መካከል፣ የአንዱ ቃጠሎ ወደ ሌላው እንዳይዛመት የሚቆመው ግንብ በእንግሊዝኛ ፋየርዎል ይባላል። አንዳንዶች «የእሳት ግድግዳ» ብለው ይተረጉሙታል፤ እኔን ግን አይጥመኝም። ግድግዳ ማንንም አያሳልፍም፤ የኮምፒውተሩ ፋየርዎል ግን ቀኑን ሙሉ ሲያስገባና ሲያስወጣ ነው የሚውለው። ይበልጥ የሚመስለው መዝገብ ይዞ በር ላይ የተቀመጠ ዘበኛን ነው።

የባንክዎን ድረ ገጽ ሲከፍቱ ጥያቄው በቤትዎ ራውተር፣ ማለትም ቤትዎን ከኢንተርኔት በሚያገናኘው ዕቃ በኩል ይወጣል፤ አንዱ ዘበኛ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ራውተሩም የትኛው ኮምፒውተር፣ የትኛውን አድራሻ፣ በየትኛው ፖርት (ለአንድ ዓይነት አገልግሎት የተመደበ የበር ቁጥር) እንደጠየቀ ይመዘግባል፤ ለድረ ገጽ ብዙውን ጊዜ ፖርት 443 ነው። መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ያስገባዋል። ማንም ሳይጠራው የመጣው ግን መዝገቡ ላይ የለምና በር ላይ ይቀራል።

ይህ ጥበቃ ሲጓደል ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2003 ታይቷል። ብላስተር የተባለው የኮምፒውተር ትል (ራሱን እያባዛ የሚዛመት ጎጂ ፕሮግራም) በፖርት 135 በኩል ወደ ዊንዶውስ ኤክስፒ ይገባ ነበር። ባለቤቱ ምንም መክፈት አላስፈለገውም፤ ኢንተርኔት ላይ መሆኑ ብቻ በቂ ነበር። ድንገት ስልሳ ሰከንድ ወደ ኋላ የሚቆጥር መስኮት ብቅ ይልና ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሣል። የሚያናድደው፣ ኤክስፒ የራሱ ፋየርዎል ነበረው፤ የሚመጣው ግን ጠፍቶ ነበር። ማይክሮሶፍት ገና ከመነሻው እንዲበራ ያደረገው በ2004 ባወጣው ማሻሻያ ነው።

ራውተሩ እያለ የኮምፒውተሩ ፋየርዎል ምን ይሠራል? እንግዳ የታመመ ላፕቶፕ ይዞ ቤትዎ ቢመጣና የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ቢሰጡት፣ በሽታው ከበር ውስጥ ነው ያለው፤ የራውተሩ ዘበኛ አያየውም፣ የሚያግደው የኮምፒውተሩ የራሱ ፋየርዎል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ሌላ ትል በፖርት 445 ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የዘለለው በዚህ ዓይነት መንገድ ጭምር ነበር፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ደግሞ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር።

ፋየርዎል የማይችለው ነገር አለ፦ ራስዎ የጠሩትን እንግዳ አይመልስም። የእህቴ ልጅ በነጻ ያገኘውን ጨዋታ ሲጭን አጠገቡ ነበርኩ። የአጫጫኑ መመሪያ የመጀመሪያ መስመር «አንቲቫይረሱን ያጥፉ» ይላል። እሱም ሊያጠፋው እጁን ሰንዝሮ ነበር! የወረደውን ፋይል የሚፈትሸው አንቲቫይረስ ነውና፣ ሌባው አስቀድሞ የሚያስወጣው እሱን ነው። ለዚህ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 ዲፌንደር የተባለውን አንቲቫይረስ ይዘው ነው የሚመጡት።

የዘበኛው መዝገብ ራሱ ደግሞ ቁልፍ አለው፤ የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ የይለፍ ቃል። በብዙ ቤቶች ድረ ገጽ በሚከፍቱበት ቦታ 192.168.1.1 ብለው ገብተው «አድሚን» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ሁለት ጊዜ፣ ለስሙም ለይለፍ ቃሉም፣ ቢጽፉ ይከፈታል። ይህ ከዋይፋዩ የይለፍ ቃል የተለየ ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን የዋይፋዩን ቀይሮ ሁለቱንም የቀየረ ይመስለዋል።