ከአከርካሪ ጉዳት በኋላ ለሽንት ፊኛ የሚሰጠው መርፌ፦ የሚወራውና እውነታው

ደሴም ሆነ ወልድያ፣ አከርካሪው የተጎዳ ሰው ሲጠየቅ ስለ እግሩ ነው፤ ሽንቱን አንስቶ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዝም የተባለበት ነገር ደግሞ ወሬ ይበዛበታል፤ ቦቶክስ የሚባለው መርፌም ከዚህ አላመለጠም።

«ሽንት ቢያመልጥ ነውሩ እንጂ ጉዳቱ ምንድን ነው? ዳይፐር ይበቃል።»
ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ከጉዳቱ በኋላ የፊኛው ጡንቻ ያለ አንጎል ትእዛዝ በራሱ ጊዜ ይኮማተራል፤ ብዙ ጊዜም መውጫውን የሚዘጋው ጡንቻ በዚያው ቅጽበት ይጠብቃል። መሄጃ ያጣው ሽንት በፊኛው ውስጥ ግፊት ይፈጥራል፤ ወደ ኩላሊትም ሊመለስ ይችላል። ኩላሊት ደግሞ ሳያሳምም ለዓመታት ሊጎዳ ይችላል። ዳይፐር የሚያድነው ልብስን ነው። በሚዋጡ መድኃኒቶች ግፊቱ ካልወረደ ወይም መድኃኒቱ ካልተስማማ መርፌው የሚታሰበው ለዚህ ነው።

«መርዝ ነው።»
መርዝነቱስ እውነት ነው፤ ቦቱሊዝም የተባለውን ሽባ የሚያደርግ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ይኸው ነው። ልዩነቱ መጠኑና ቦታው ላይ ነው። ሐኪሙ በሽንት ቧንቧ በሚያስገባው መመልከቻ እያየ 200 ዩኒት ያህሉን በ30 ቦታ ከፋፍሎ የፊኛውን ጡንቻ ይወጋል፤ ጡንቻውን የሚያኮማትረው የነርቭ መልእክት ይታገዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዚህ ችግር የፈቀደው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከመርፌው በኋላ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ጀንታማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ እየተወጋ ያለ ሰውም አስቀድሞ ይናገር፤ የመርፌውን ኃይል ሊያበረታ ይችላል።

«ከመርፌው በኋላ ካቴተር፣ ማለትም ሽንት የሚያወጣው ቀጭን ቱቦ፣ አያስፈልግም።»
ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ፊኛው ሲዝል ሽንት ይጠራቀማል፤ በቀን ብዙ ጊዜ በንጹሕ ካቴተር ማውጣት ያስፈልጋል። እጁ የማይታዘዝለት ሰው ማን እንደሚያግዘው፣ ሚስት ትሁን ወንድም፣ ቢያሳፍርም ከመርፌው በፊት በቤተሰብ መመካከር ይሻላል።

«ከወገቤ በታች አይሰማኝም፤ ስወጋ ክትትል ምን ያደርግልኛል?»
ጉዳቱ ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፊኛው ሲሞላና ሲነካካ የደም ግፊት በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። ድንገተኛ ራስ ምታትና የፊት ላብ ምልክቶቹ ናቸው፤ ክትትሉ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«ውሃ ብቀንስ ይሻለኛል።»
ውሃ ሲያንስ ሽንት ይወፍራል፤ ኢንፌክሽንና ጠጠር ይከተላሉ። የሚቀነሰው ቡና ነው። በወሎ ቤት ከረከቦት ፊት ተቀምጦ አልጠጣም ማለት እንደማይሞከር አውቃለሁ፤ እንግዲያው አቦሉን አሳልፎ በረካውን መጠጣት ነው። ቀጭኑ እሱ ነው፣ ምርቃቱም አይቀርም።

«አንዴ ከተወጉ ይበቃል።»
ለውጡ በአብዛኛው በ2 ሳምንት ውስጥ ይታያል፤ ብዙዎችን 9 ወር ገደማ ያቆያል፤ ከዚያ ይደገማል፣ ከ3 ወር በፊት ግን አይደገምም። የሽንት ኢንፌክሽን ካለ መርፌው ስለሚዘገይ፣ ከላሊበላ ተነስቶ ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው ትኩሳት ወይም የሽንት ሽታ ለውጥ ካየ መጀመሪያ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ይመርመር።