ቢጫ ስለሆነ ብቻ አይታወቅም፦ የበረሃ ጊንጥ ዝርያና ንዑስ ዝርያ አለያየት

ጅማ ዝናብ የማያጣት የቡና አገር ናት። የበረሃ ጊንጥ ቤቱ እዚህ አይደለም፣ ግን መኪና ያመጣዋል። በቅርቡ በጅቡቲ መስመር አይሱዙ የሚነዳ ጎረቤቴ ሸራ ሲያጥፍ ያገኘውን ቢጫ ጊንጥ ሃይላንድ ውስጥ ከቶ አመጣልኝና "ይሄ ምን ዓይነት ነው?" አለኝ። የዚህ መልስ በአንድ ጊዜ አይመጣም።

በዓለም ላይ ከ2,500 በላይ የጊንጥ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለም ነው፣ ቀለም ደግሞ ያሳስታል፤ ቆዳውን ገና የቀየረ ጊንጥ ይገረጣል፣ አልኮል ውስጥ የቆየ ይደበዝዛል፣ አሸዋ ላይ የሚኖሩት ደግሞ ብዙዎቹ ቢጫ ናቸው። መቆንጠጫውን ብታዩ ይሻላል። ቀጭን ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቡቲዴ ከሚባለው ቤተሰብ ነው፣ ሰው የሚገድሉት ጊንጦችም ከሞላ ጎደል ሁሉም ያሉት እዚያ ነው። ወፍራም መቆንጠጫ ያለው ትልቅ ጥቁር ጊንጥ ያስፈራል እንጂ መርዙ አብዛኛውን ጊዜ ደከም ያለ ነው። ለማንኛውም የተነደፈ ሰው፣ በተለይ ሕፃን፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ይሂድ፤ ቦታውን በምላጭ መብጣት ጉዳት ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። የእኛን ጊንጥ አልኮል ውስጥ ከተን ከቆየ በኋላ ጀርባውን አየነው። ቅርፊቶቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበዋል። በፊተኞቹ ሁለት የጀርባ ቅርፊቶች ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚወርዱ አምስት አምስት ሸንተረሮች ቆጠርን፣ ብዙዎቹ ዘመዶቹ ግን ያላቸው ሦስት ነው። ይህ ሌይዩረስ የሚባለው ወገን፣ ማለትም የተቀራራቢ ዝርያዎች ስብስብ፣ ምልክት ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤረንበርግ በ1828 እ.ኤ.አ. ለዚህ ወገን ታዋቂ ዝርያ የሰጠው ኩዊንኩዌስትሪያተስ የሚለው ስም ራሱ በላቲን "ባለ አምስት መስመር" እንደማለት ነው። ሆዱ ሥር ደግሞ ሚዶ የሚመስሉ ሁለት አካላት አሉት። ጥርሳቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የወንዱ ከሴቷ ስለሚበዛ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ጋር ነው የሚወዳደሩት። መቆንጠጫው ላይ ያሉት የአየር እንቅስቃሴ የሚሰሙ ስስ ፀጉሮችም አቀማመጣቸው ይመዘገባል።

ሱቅ ውስጥ ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት ስናበራበት አረንጓዴ ሆኖ ቦግ አለ። በጣም ያምራል። ግን ጊንጥ ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲሁ ስለሚያበራ፣ በሌሊት ለመፈለግ እንጂ ለመለየት አይጠቅምም።

ንዑስ ዝርያ ላይ ሲደረስ ነው ነገሩ የሚከብደው። ንዑስ ዝርያ ከወገኑና ከዝርያው ስም ቀጥሎ የሚመጣ ሦስተኛ ስም ነው፤ የአንድ ዝርያ አባል ሆኖ በራሱ አካባቢ የሚኖርና ሁልጊዜ የሚታይ ልዩነት ያለው ሕዝብ ማለት ነው። አንድ ጊንጥ ይዞ ይህን ማለት አይቻልም። ከብዙ ቦታ ብዙ ጊንጥ ተሰብስቦ ይለካል፣ አሁን አሁን ዲኤንኤም ይታያል። እንዲያም ሆኖ ፍርዱ ይገለበጣል። ሩሲያዊው ተመራማሪ ቢሩላ በ1908 እ.ኤ.አ. የሰየመው ሄብሬየስ ለብዙ ዘመን የኩዊንኩዌስትሪያተስ ንዑስ ዝርያ ሆኖ ቆይቶ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሏል።

ለዚህ ነው ከጊንጡ እኩል ወረቀቱ የሚያስፈልገው፦ የት ተገኘ፣ መቼ፣ ከፍታው ስንት ነው፣ ድንጋይ ሥር ነው ወይስ አሸዋ ላይ። ጎረቤቴን ጠየቅኩት። ሦስት ቦታ አድሯል፣ የቱ ጋ እንደገባበት አያውቅም። ጠርሙሱ ላይ "ሌይዩረስ፣ በጭነት መኪና የመጣ፣ ቦታው ያልታወቀ" ብዬ ጻፍኩና የሦስተኛውን ስም ቦታ ባዶ ተውኩት።