«እሱ የት ነው የሚወርደው?»፦ ስለ ዓይነ ስውራንና ቴክኖሎጂ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ ወዳጄ ጋር ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ባጃጅ ተሳፈርን። ወደ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ልንበላ። ወዳጄ ዓይነ ስውር ነው፤ ሕግ ተምሮ በሙያው የሚሠራ ሰው። መንገድ ላይ ስልኩን ጆሮው ሥር አድርጎ መልእክቶቹን ያነባል። ሾፌሩ በመስታወቱ አየት አደረገውና እኔን ጠየቀኝ። «እሱ የት ነው የሚወርደው?»

ወዳጄ ራሱ መለሰለት። ሾፌሩ ደንገጥ አለ። ይቅርታም ጠየቀ። ከዚያ «ስልኩን ግን ማን ነው የሚያነብልህ?» አለው። እስከ ሐይቁ ድረስ ሲጠያየቁ ሄዱ። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ያላወቀውን ነው የጠየቀው። የእኔ ሥራ ሶፍትዌር ነው። እሱ ያነሳቸውን ነገሮች ከሥራ ባልደረቦቼም እሰማቸዋለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ አልኩ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ለዓይነ ስውር የተለየ ስልክ ያስፈልገዋል»

አያስፈልገውም። የወዳጄ ስልክ ከሾፌሩ ስልክ የማይለይ ተራ አንድሮይድ ነው። ቶክባክ የሚባል ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለው፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ማብራት ብቻ ነው። ጣትህን ስክሪኑ ላይ ስታንሸራትት ከጣትህ ሥር ያለውን ይነግርሃል። የምትፈልገው ጋ ስትደርስ ሁለቴ መታ መታ ታደርጋለህ፣ ይከፈታል። አይፎን ላይ ያለው ቮይስኦቨር ይባላል፤ የገባው በ2009 ነው።

ቁልፍ የሌለው ለስላሳ መስታወት ለዓይነ ስውር ይሆናል ብሎ ያሰበ ጥቂት ሰው ነበር። በ2008 ሻውን ኬን፣ ጄፍሪ ቢገምና ጄኮብ ዎብሮክ የተባሉ ተመራማሪዎች ስላይድ ሩል የተባለ ሙከራ ይዘው ቀረቡ። እንደሚሆን በጣትና በድምፅ ብቻ አሳዩ።

ለኮምፒውተርም ኤንቪዲኤ የተባለ ስክሪን ሪደር አለ። በነጻ ይወርዳል። በ2006 የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ አውስትራሊያዊ ነው፤ ጄሚ ቴ አብሮት ሠራ። ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው።

«ዓይናማው ይፈጥራል፣ ዓይነ ስውሩ ይረዳል»

ይሄኛው ነው በጣም የሚከነክነኝ። አጋዥ ቴክኖሎጂ ሲባል አንድ ደግ ዓይናማ ለአንድ ምስኪን ሲሠራለት ይታየናል። የመስኩን ታሪክ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው የሚያገኘው።

ቺኤኮ አሳካዋን እንውሰድ። ጃፓናዊት የኮምፒውተር ሳይንቲስት ናት። በልጅነቷ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ዓይኗን ተጎዳች፤ በ14 ዓመቷ ማየት ሙሉ በሙሉ አቆመች። በ1985 አይቢኤም ተቀጠረች። በ1997 ሆም ፔጅ ሪደር የተባለው የእሷ ሥራ ወጣ። ድረ ገጽን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። የወደድኩት አንድ ብልሃት አለበት። ተራውን ጽሑፍ በወንድ ድምፅ፣ ሊንኩን በሴት ድምፅ ያነባል። ዓይናማው ሊንክን በቀለሙ ይለየዋል። ሰሚው ግን «ይሄ ሊንክ ነው» የሚል ቃል በየመሃሉ ቢሰማ ይሰለቻል። ድምፁ ሲቀየር ግን ወዲያው ይገባዋል። ይህንን ለማሰብ ገጹን በጆሮ መኖር ያስፈልጋል።

አሳካዋ በኋላ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ገባች። ሕንጻ ውስጥ መንገድ የሚመራ ናቭኮግ የተባለ የስልክ መተግበሪያ ላይ ሠራች። ቀጥሎ ሻንጣ መጣ። የጉዞ ሻንጣ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ካሜራ፣ ርቀት የሚለካ ሌዘርና ሞተር አለው። እጀታውን ትይዛለህ፣ እሱ ይመራሃል። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ቶኪዮ ውስጥ ሚራይካን የተባለውን የሳይንስ ሙዚየም በዳይሬክተርነት ትመራለች።

ቲ. ቪ. ራማን የተባለው ሕንዳዊም አለ። እሱም የዓይኑን ብርሃን ያጣው በ14 ዓመቱ ነው። በ1994 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ የሠራው ውስብስብ የሒሳብ ቀመርን አጥርቶ በድምፅ የሚያነብ ሥርዓት ነበር። ስሙን አስተር አለው። አስተር የመሪ ውሻው ስም ነው። ከ2005 ጀምሮ ጉግል ሠርቷል። ይህንን የማነሳው በምክንያት ነው። እኛ አገር ዓይነ ስውር ተማሪ ብዙውን ጊዜ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ነው የሚገፋው። ወዳጄ ሒሳብ ይወድ ነበር። «ምርጫ እንዳለኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም» ይላል።

«እንግሊዝኛ ካነበበ አማርኛም ያነባል»

ቢሆን ደስ ባለኝ። አማርኛን በኮምፒውተር ማናገር የራሱ ጣጣ አለው። ዋነኛው መጥበቅና መላላት ነው። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ሐይቅ ውስጥ የሚዋኘው ነው። ጠብቆ ሲነበብ የዋና በሩ «ዋና» ነው። «ገና» ላልቶ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ በዓሉ። «አለ» ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ይኖራል። ፊደላችን ይህንን አያሳይም። እኔና አንተ ከዐረፍተ ነገሩ እንገምተዋለን። ማሽኑም እንዲገምት ማስተማር ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ በትክክል የተነበበና የተመዘገበ ብዙ አማርኛ ይፈለጋል።

ኢስፒክ ኤንጂ የተባለ፣ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይር ነጻ ፕሮግራም አማርኛን ይዟል። ድምፁ የሮቦት ነው፤ ጆሮ ግን ይለምደዋል። ወዳጄ እኔ አንድም ቃል ልይዝ በማልችልበት ፍጥነት ያዳምጠዋል።

ሐዋሳ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ስክሪን ሪደሩ የላቲን ፊደል ሲያይ እንግሊዝኛ ይመስለውና በእንግሊዝኛ አፍ ያነበዋል። ይህ እዚሁ ከተማ ላለ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ጥሩ የምርምር ርዕስ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

«ስማርት በትር ነጩን በትር ይተካል»

ምክር ፈልገው ከሚመጡ ተማሪዎች በብዛት የምሰማው የመመረቂያ ሐሳብ ይሄ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ በትሩ ላይ ሴንሰር ይገጠማል። ሴንሰሩ ድምፅ ይልካል፣ ድምፁ ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል፣ ርቀቱን ያውቃል። ግን ወደ ፊት የሚልከው ድምፅ ክፍት ቦይ ላይ ሲደርስ የሚያነጥረው ነገር የለም። የአስፋልታችንን ዳር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቦዩን የሚያገኘው ያ ተራው ነጭ በትር ነው። ሴንሰሩ የሚጠቅመው ከወገብ በላይ ነው፦ ለዘመመ ቅርንጫፍ፣ ለቆመ አይሱዙ ኋላ። ዴልሂ ያለው የሕንድ ቴክኖሎጂ ተቋም የሠራው ስማርትኬን የሚገጠመው ነጩ በትር እጀታ ላይ ነው። በትሩ ባለበት ይቀጥላል።

«ድምፅ ከመጣ ብሬል ቀረ»

ማዳመጥ ፊደል አያስቆጥርም። በድምፅ ብቻ የተማረ ልጅ «ንጉሥ» በየትኛው ሠ እንደሚጻፍ ከየት ያውቃል? ብሬል በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ ጽሑፍ ነው፤ ምልክቶቹ ከስድስት ነጥብ ነው የሚወጡት። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋሉ፤ «ሉ» ሁለት ምልክት ይሆናል። ማንበብና መጻፍ ማለት ያ ነው።

«ዓይነ ስውር ሁሉ ምንም አያይም»

ከ2005 እስከ 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የቀነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የማየት አቅማቸው የቀነሰው ሰዎች ምንም አያዩም ማለት አይደለም፤ ለእነሱ ትልቅ ፊደልና ደማቅ ቀለም ብዙ ይሠራል። ግራጫ ላይ ግራጫ የምንጽፍ ባለሙያዎች ይህንን እንስማ።

«ቴሌግራም ላይ ተለቋል፣ ደርሶታል»

ዓሣው እስኪመጣ ወዳጄ ስልኩን አቀበለኝ። የሥራ ማስታወቂያ ነው፤ የወረቀት ፎቶ። ስክሪን ሪደሩ «ምስል» ብሎ ዝም ይላል። ከፎቶ ላይ ጽሑፍ የሚለቅሙ ፕሮግራሞች አሉ። ቴሰራክት የሚባለው አማርኛም ይሞክራል። ግን ወረቀቱ ሲጣመም፣ ማኅተም ሲያርፍበት ይስታል። የማመልከቻ ቀን ላይ አንድ አኃዝ ከሳተ ነገሩ አለቀ። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፉ ፋይሎችም እንዲሁ ናቸው። ለዓይን ፊደል ናቸው፤ ሥራቸው የላቲን ኮድ ስለሆነ በድምፅ ትርጉም የለሽ ኳኳታ ይሆናሉ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዛሬም የድሮው ፋይል ይላክልናል።

ማስታወቂያውን አነበብኩለት። ቀነ ገደቡ ሰኞ ነበር። ከዚያ ጽሑፉን ስልኬ ላይ ቀድቼ እዚያው ቻናል ላይ፣ ከፎቶው ሥር ኮሜንት አድርጌ ለጠፍኩት። አራት ደቂቃ ፈጀብኝ።