ሆዱን ከተመታ በኋላ "አለፈለት" የተባለ ሰው፦ ድጋሚ ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል?

በሰሜን ሸዋ ሆድ የሚመታበት መንገድ ብዙ ነው። ጣርማበር ቁልቁለት ላይ መኪና ይገለበጣል። መንዝ ላይ ፈረስ ይራገጣል፣ በሬ ይወጋል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ባጃጅ ይጋጫል። ተጎጂው ሆስፒታል ገብቶ ሲቲ ስካን ይነሳል፤ ቀዶ ጥገና ሳይደረግለት ጥቂት ቀን ተኝቶ ይወጣል። ከዚያ ጠያቂ ይመጣል፣ ምክርም ይዘንባል። ቤት ውስጥ ደጋግመው ከሚባሉት ጥቂቶቹን እንያቸው።

"ቀዶ ጥገና ካላስፈለገው ጉዳቱ ቀላል ነበር"

የግድ አይደለም። የደም ግፊቱ የተረጋጋ ሰው ጣፊያው ወይም ጉበቱ ቢሰነጠቅም ዛሬ ብዙ ጊዜ በክትትል ብቻ ይታከማል። የስንጥቁ ክብደት ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል፤ ከፍ ያለ ደረጃ ያለውም ያለ ቀዶ ጥገና ሊድን ይችላል።

አንዳንዱ መዘዝ ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የተጎዳ የደም ሥር ግድግዳው ሳስቶ ያብጥና በኋላ ሊፈነዳ ይችላል። ጣፊያ አደጋው ካለፈ ከቀናት በኋላ ሊደማ ይችላል፤ አብዛኛው እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከጉበት ሐሞት፣ ከኩላሊት ሽንት እየፈሰሰ ሊጠራቀም ይችላል። ቆሽት ከሁሉም ይዘገያል። የብስክሌት መሪ ሆዱን የወጋው ልጅ ደህና መስሎ ሰንብቶ፣ ከሳምንታት በኋላ ቆሽቱ አጠገብ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ሊገኝበት ይችላል።

የሸዋ ሮቢትና የአካባቢው ቆላ ሰው አንድ ነገር ይጨምርበታል፦ በወባ ያበጠ ጣፊያ በቀላል ምትም ይሰነጠቃል።

"እንግዲያው ሁሉም ሰው ድጋሚ ይነሳ"

ይሄ ደግሞ ሌላው ጽንፍ ነው። ደረጃው 1 ወይም 2 ለሆነና ምንም ምልክት ለሌለው ሰው ለልማድ ያህል መድገም ብር ማባከን ነው። ከፍ ያለ የጣፊያ ጉዳት ላይ ግን ብዙ ሐኪሞች ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደግሙታል። ጉበት ላይ በአብዛኛው ምልክት ሲመጣ ነው የሚታዘዘው።

"አልትራሳውንድ ምንም የለም ብሏል፤ በቃ"

አልትራሳውንድ ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ለማየት ፈጣን ነው። የአንጀት መበሳትና ከሆድ ዕቃ ጀርባ ያለ ጉዳት ግን ያመልጡታል።

ሲቲ ስካንም ቢሆን አነሳሱ ወሳኝ ነው። ያበጠውን የደም ሥር ለመያዝ ኮንትራስት የሚባለው፣ የደም ሥርን በምስሉ ላይ አጉልቶ የሚያሳይ መድኃኒት በክንድ በመርፌ ተሰጥቶ፣ ገና ደም ቅዳ ውስጥ እያለ መነሳት አለበት። ትንሽ ከዘገየ እብጠቱ ከአካባቢው ጋር ተመሳስሎ ሊጠፋ ይችላል። ወደ ሌላ ከተማ ሪፈር ከተባላችሁ የመጀመሪያውን ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ። ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፤ ሐኪሙ ፊትና ኋላውን አነጻጽሮ ነው የሚፈርደው።

"ጨረሩ ካንሰር ነው፣ መርፌው ኩላሊት ይጨርሳል"

አንድ የሆድ ሲቲ ስካን ወደ 10 ሚሊሲቨርት የሚጠጋ ጨረር ይሰጣል። ከተፈጥሮ በዓመት የሚደርሰን በአማካይ 3 ገደማ ነው። ስለዚህ ያለ ምክንያት አይነሱትም፣ በተለይ ልጅና ነፍሰ ጡር። የሚደማ ጣፊያ ከተጠረጠረ ግን ፍርሃቱ ቦታውን ስቷል። ኮንትራስቱ ሲገባ ሰውነት ቢግል አትደንግጡ። የኩላሊት ሕመም፣ አለርጂ፣ እርግዝና ወይም ሜትፎርሚን የሚባል የስኳር መድኃኒት ካለ ቀድሞ መናገር ነው።

"የረጋውን ደም ወጌሻ ቢያሸው ይበተናል"

ኧረ በፍጹም! የተሰነጠቀ ጣፊያ ላይ የረጋው ደም ነው ቀዳዳውን የያዘው። እሱን መበተን ማለት መድማቱን እንደገና መክፈት ነው። ሆድ አይታሽም።

"ሕመሙ ከቆመ ወደ ሥራ"

ሐኪሙ ሳይፈቅድ ማረስ፣ ሸክም ማንሳት፣ ፈረስ መጋለብ የለም። ማዞርና ራስን መሳት፣ የግራ ትከሻ ሕመም፣ የሆድ መነፋት፣ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስመለስ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው። ከመሐል ሜዳ ወይም ከግሼ ራቤል የመጣ ሰው ጉዳቱ ከባድ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሆስፒታል አጠገብ ዘመድ ቤት ቢከርም ይሻላል። ከዚያ ሌሊት መኪና ማግኘት ቀላል አይደለም።