ኖና ምንድን ናት? ከአውሮፕላን የምትጣል፣ ወንዝ የምትዋኝ ሞርታር

ፓራሹተኛ መሬት እስኪነካ ድረስ ግርማው ያስፈራል። መሬት ከነካ በኋላ ግን እግረኛ ነው። ያውም መኪና የሌለው፣ ስንቁን በጀርባው ያዘለ፣ ጠላት መሃል የወደቀ እግረኛ። ከኮረብታ ጀርባ በመድፍ ቢቀጠቅጡት የሚመልስበት የለውም። ታንክ ቢመጣበትማ በእጁ ያለው ጠመንጃ የትም አያደርሰውም።

ይህ ችግር አየር ወለድ ከተፈጠረ ጀምሮ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ጀርመኖች ቀርጤስ ደሴት ላይ ሲዘልሉ የብዙዎቹ መሣሪያ ሽጉጥ ብቻ ነበር። ጠመንጃና መትረየሳቸው በሣጥን ተደርጎ ለብቻው ይጣላል። ወታደሩ ወርዶ መጀመሪያ ሣጥኑን መፈለግ አለበት። ብዙዎቹ ሣጥኑ ጋ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ቀሩ። በ1944 ደግሞ እንግሊዞች አርነም የምትባለው የሆላንድ ከተማ አጠገብ ወርደው የድልድዩን አንድ ጫፍ ያዙ። የምድር ጦር በ2 ቀን ውስጥ ይደርስላቸዋል ተብሎ ነበር። አልደረሰም። ጀርመኖች ብረት ለበስ ይዘው መጡባቸው። ድልድዩ ላይ የነበሩት ከ3 ቀን በላይ ተናንቀው፣ ጥይታቸው አልቆ ተሸነፉ።

ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ከባድ መሣሪያን ከወታደሩ ጋር እንዴት ከሰማይ ማውረድ ይቻላል? ሶቪየቶች ከሰጧቸው መልሶች አንዷ ኖና ናት። መደበኛ መጠሪያዋ 2ኤስ9 ነው። በ1981 ሠራዊቱ ውስጥ ገባች። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባጭሩ ኖና በሰንሰለት የምትሄድ፣ ቀለል ያለ ብረት የለበሰች፣ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ሞርታር ተሽከርካሪ ናት። ከአውሮፕላን በፓራሹት ትጣላለች፣ ውሃም ትዋኛለች። ክብደቷ 8 ቶን አካባቢ ነው። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሷ ላይ ነው።

ስሟም ትንሽ ያስቃል። ሶቪየቶች በሰንሰለት የሚሄዱ መድፎቻቸውን በአበባና በተክል ስም መጥራት ይወዱ ነበር። ግቮዝዲካ፣ አካትሲያ፣ ቱሊፓን፣ ፒዮን፤ የጦር መሣሪያ ዝርዝር ሳይሆን የአበባ ሱቅ ይመስላል። ኖና ግን የሴት ስም ነው። ብዙ ጊዜ «አዲስ የምድር ጦር መድፍ» የሚለው የሩሲያኛ ሐረግ ምህጻረ ቃል ነው ተብሎ ይተረጎማል።

ከኖና በፊት የሶቪየት አየር ወለድ አሱ-57 እና አሱ-85 የሚባሉ ቀላል የታንክ ማጥፊያ ተሽከርካሪዎች ነበሩት። ሁለቱም ፊት ለፊት የሚታየውን መምታት ነው ሥራቸው። ከጉብታ ጀርባ የተኛን ጠላት ምንም አያደርጉትም። ለዚያ የሚሆነው በመኪና የሚጎተተው 122 ሚሊ ሜትሩ ዲ-30 መድፍ ነበር። ጥሩ መድፍ ነው፣ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ይተኩሳል። ግን ጎታች መኪና ይፈልጋል፣ ምድብተኞቹም ሜዳ ላይ ተጋልጠው ነው የሚሠሩት።

እንግዲህ ቀላሉ ሐሳብ ምን ነበር? ያንኑ 122 ሚሊ ሜትር መድፍ ከሰማይ በሚጣል ቀላል ተሽከርካሪ ላይ መጫን። ሞከሩት። ፊያልካ ብለው ሰየሙት። አልሆነም። መድፉ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው ኃይል ለቀላሉ ተሽከርካሪ ከአቅም በላይ ሆነ። ፕሮጀክቱ ተዘጋ።

ሞርታር የመጣው እዚህ ጋ ነው። መድፍ ጥይቱን በከፍተኛ ግፊት አስፈንጥሮ ሩቅ ይልከዋል፤ የላከውን ያህል ራሱንም ወደ ኋላ ይመታዋል። ሞርታር ግን ረጋ ያለ ነው። በትንሽ ባሩድ ጥይቱን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ይሰድና በጠላት አናት ላይ ያወርደዋል። ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ምቱም ትንሽ ነው። የኖና ጥይት 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የዲ-30ው ደግሞ 22 ኪሎ ገደማ። የሚወርደው ፈንጂ ያን ያህል አይራራቅም ማለት ነው። የተከፈለው ዋጋ ርቀት ነው። ኖና በተለመደው ጥይት የምትደርሰው 8.8 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጥይቱ ራሱ ሮኬት ሲኖረው ወደ 13 ይጠጋል።

ርቀት ሰጥተው ቅለት ገዙ። እኔ እንደሚመስለኝ ትክክለኛ ግብይት ነበር። ከሰማይ የወረደ ጦር የሚዋጋው በአቅራቢያው ካለ ጠላት ጋር ነው። 15 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን አይቶ የሚጠቁመው ሰው ራሱ ብዙ ጊዜ አይኖረውም።

የኖና በርሜል ግን ተራ የሞርታር ቱቦ አይደለም። ተራ ሞርታር ውስጡ ልሙጥ ነው፣ ጥይቱም እንዳይገለባበጥ ጭራው ላይ ክንፍ አለው። የኖና በርሜል እንደ ጠመንጃ ጠመዝማዛ ቦይ አለው። ይህን መንገድ ቀድመው የሄዱበት ፈረንሳዮች ናቸው፣ ሶቪየቶችም የእነሱን 120 ሚሊ ሜትር ሞርታር አጥንተው ተምረውበታል።

ብልሃቱ ጥይቱ ወገብ ላይ ነው። በተለመደው መድፍ ጥይቱን የከበበው የመዳብ ቀለበት ልሙጥ ሆኖ ይገባና በግፊት ተጨፍልቆ ከበርሜሉ ቦይ ጋር ይጣበቃል። ለዚህ ብዙ ኃይል ያስፈልጋል። የኖና ጥይት ቀለበት ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ጥርስ ተቆርጦለታል። ጥርሱ ከቦዩ ጋር እንደ ብሎንና ዳዶ ይገጥማል። ጥይቱ ያለ ብዙ ግፊት እየተሽከረከረ ይወጣል፣ መንገዱንም አይስትም። ክንፍ ያለው ተራ የ120 ሚሊ ሜትር ሞርታር ጥይት ቢሰጧትም ትተኩሳለች። ከጦሩ ተነጥሎ ለሚዋጋ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያገኘውን ጥይት መጠቀም ይችላል።

በርሜሉ ከአግድም ትንሽ ዝቅ ማለት ይችላል፤ ወደ ላይ ደግሞ እስከ 80 ዲግሪ ይቀናል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ሞርታር ነው፣ ጋደም ሲል የሃዊትዘር፣ ማለትም ጥይቱን በጎባጣ መንገድ የሚልክ መድፍ ሥራ ይሠራል፣ አግድም ሲሆን ፊት ለፊት የሚተኩስ መድፍ ይሆናል። ለታንክ የሚሆን ብረት በሺ ጥይትም አላት። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሸወዳል። ጥይቷ ከበርሜል የሚወጣው በሰከንድ 367 ሜትር ነው። ከድምፅ ትንሽ ብቻ ይፈጥናል። የዘመናዊ ታንክ ብረት በሺ ቀስት በሰከንድ 1,700 ሜትር አካባቢ ይበራል። ኖና ታንክ ላይ የምትተኩሰው ሌላ ምርጫ ስታጣ ነው እንጂ ፈልጋው አይደለም።

ውስጧ አራት ሰው ይይዛል፦ አዛዥ፣ ሹፌር፣ ተኳሽና አጉራሽ። የአጉራሹን ሥራ ትንሽ እንየው። ተራ ሞርታር ላይ ወታደሩ ቆሞ ጥይቱን ከላይ በአፈሙዙ ይጨምራል። እጁና ጭንቅላቱ ውጭ ናቸው። በጥድፊያ መሃል የመጀመሪያው ጥይት ሳይወጣ ሁለተኛው ከገባ ደግሞ ሞርታሩ እዚያው ይፈነዳል፤ በሞርታር ታሪክ ውስጥ የታወቀ አደጋ ነው። ኖና ላይ ጥይት የሚጎርሰው ከኋላ ነው። አጉራሹ በርሜሉ የተተከለበት ማማ ውስጥ ተቀምጦ ያንን 20 ኪሎ ከመደርደሪያው ያነሳል፣ የታመቀ አየር ወደ በርሜሉ ይገፋለታል፣ ቅርቃሩ ይዘጋል። በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ጊዜ። በጠባብ ቦታ፣ በባሩድ ሽታ መሃል፣ ጭንቅላትን ከጣሪያ እየጠበቁ። መጀመሪያ የተሠሩት የሚይዙት 25 ጥይት ብቻ ስለነበር በዚህ ፍጥነት ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ አቅራቢ ካልመጣ ኖና በጣም ውድ መኪና ናት።

አሁን ወደ ሰማይ እንሂድ። የኖና ቻሲስ (ሰንሰለቱና ሞተሩ ያሉበት የታችኛው አካል) የመጣው ከአየር ወለዱ ቢኤምዲ ከሚባለው ተሽከርካሪ ቤተሰብ ነው። የዚህ ቤተሰብ ልዩ ነገር ቁመቱን መለዋወጥ መቻሉ ነው። ሹፌሩ ሆዷን ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ማንሳት ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ድረስ ማውረድ ይችላል። አውሮፕላን ውስጥ ስትታሰርና ለመጣል ስትዘጋጅ ዝቅ ትላለች። አውሮፕላኑ አብዛኛውን ጊዜ ኢል 76 ነው። በኋላው በር ትንሽ ፓራሹት ቀድሞ ይወጣና ይጎትታታል። ከዚያ ትልልቆቹ ይዘረጋሉ።

ከመንገዶቹ አንዱ ሮኬት የሚጠቀም ነው። እዚህ ፓራሹቱ አንድ ስለሆነ አወራረዱ ፈጣን ነው፤ ለብቻው ቢተው ተሽከርካሪው ይሰባበራል። ስለዚህ ከሥር ረጅም ዘንግ ይንጠለጠላል። ዘንጉ መሬት እንደነካ ከላይ ያሉት ሮኬቶች ይለኮሳሉ። ለአንድ አፍታ እሳትና አቧራ ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ ተሽከርካሪዋ ቁጭ ብላለች።

ምድብተኞቹ በተለምዶ ለብቻቸው ነው የሚዘልሉት። ተሽከርካሪያቸው የሬዲዮ ምልክት ትሰጣለች፣ እነሱም ምልክቱን ተከትለው ይፈልጓታል። ልብ በሉ፣ የቀርጤስ ሣጥን ጣጣ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። በጨለማና በንፋስ ተሽከርካሪህን መፈለግ ደቂቃ ይበላል፣ ጠላት ደግሞ አይጠብቅህም።

ለዚህ ነው የአየር ወለዱ ጠቅላላ አዛዥ የነበረው ቫሲሊ ማርጌሎቭ ሰው ከነተሽከርካሪው ይጣል ብሎ የሞገተው። ጥር 5 ቀን 1973 ቱላ አጠገብ አንድ ቢኤምዲ-1 ሁለት ሰው ውስጡ ይዞ ከአውሮፕላን ተጣለ። አንደኛው ሊዮኒድ ዙዬቭ የሚባል መኮንን ነበር። ሌላኛው የአዛዡ የገዛ ልጅ፣ አሌክሳንደር ማርጌሎቭ። ሁለቱም በሕይወት ወረዱ። ልጅየው በ1976 በሮኬቱ ዘዴ ደግሞ ደገመው፤ ያኛው አወራረድ በጣም የፈጠነ ነበር። አባት ልጁን እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ሲያስገባ ምን ተሰምቶት እንደነበር እንጃ። ወታደሮቹ ግን አመኑበት፤ ዛሬም የሩሲያ አየር ወለድ ራሱን «የአጎቴ ቫስያ ጦር» እያለ ይጠራል፤ ቫስያ የቫሲሊ ማቆላመጫ ነው።

ውሃው ላይ ብዙ አልቆይም። አየር ወለድ የድልድይ መሐንዲስ ይዞ አይዘልም። ወንዝ ከገጠመው በራሱ መሻገር አለበት። የኖና አካል አልሙኒየም ስለሆነ ትንሳፈፋለች፣ ከኋላ ሁለት የውሃ መግፊያ አላት፣ ከፊት ማዕበል የሚመልስ ጋሻ ትዘረጋለች። በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ትዋኛለች። በአስፋልት ላይ 60።

ያው አልሙኒየም ግን ሌላ ገጽ አለው። የጠመንጃ ጥይትና ፍንጣሪ ይመልሳል። ከጎን በቅርብ የሚተኩስ ከባድ መትረየስ ግን ይበሳዋል። ፈንጂ ላይ ከወጣችማ ከታች ያለው ወለል ስስ ነው፣ ጥይቱም የተደረደረው ከሰዎቹ አጠገብ ነው። «ለምን ብረቱን አላወፈሩትም?» የሚል ሰው ወደ 8 ቶኗ ይመለስ። ብረቱ ቢወፍር አትንሳፈፍም፣ አውሮፕላኑ የሚጭነው ቁጥር ይቀንሳል፣ ፓራሹቱም ሌላ ይሆናል።

የሚገርመው፣ ኖና ስሟ የገነነው ከሰማይ ወርዳ አይደለም። አፍጋኒስታን ተራራ ላይ ነው። እዚያ ጠላት ከገደል ጫፍ ወይም ከሸንተረር ጀርባ ይተኩሳል። የታንክ መድፍ ያን ያህል ቀና ማለት አይችልም። 80 ዲግሪ የሚቀና በርሜል ደግሞ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ወደ ቦታዋም የምትደርሰው እንደማንኛውም ተሽከርካሪ በመንገድ፣ በአጀብ መሃል ነበር። በኋላም ስሟ ከጦር ሜዳ አልጠፋም። በ2014 ምሥራቅ ዩክሬን ውስጥ ተገንጣዮች ከዩክሬን አየር ወለድ የወሰዷት አንዲት ኖና በስሎቭያንስክ ውጊያ ዝነኛ ሆና ነበር። አንዲት ብቻ።

ቤተሰቧም ሰፍቷል። የሚጎተት ኖና-ካ አለ፤ በስምንት ጎማ የምትሄደው ኖና-ኤስቪካ ደግሞ ቢቲአር-80 በሚባለው ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ላይ የተጫነች ናት። ሁለቱም በርሜሉና ጥይቱ ስለተወደደ የተሠሩ ናቸው።

ለአየር ወለዱ የታሰበችው ተተኪ ሎቶስ ትባላለች፤ ወደ አበባው ስም ተመለሱ ማለት ነው። በ2017 ለሕዝብ ታየች። ያው 120 ሚሊ ሜትር ናት፣ እስከ 13 ኪሎ ሜትር ትተኩሳለች፣ ዒላማ የማስተካከል ሥራዋም በአብዛኛው በኮምፒውተር ነው። ክብደቷ 18 ቶን ነው። የሚጥላት አውሮፕላን ግን አሁንም ያው ኢል 76 ነው።