«ሕጉ አለ፣ ሌላ ምን ቀረ?» ስለተገረዙ ሴቶች የሚባለውና እውነታው

አዳማ ላይ ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ሲነሳ ወሬው «መቆም አለበት» ላይ ያልቃል። መቆሙማ አለበት። የተገረዙትስ? በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው፣ በኦሮሚያ ደግሞ 76 በመቶው ተገርዘዋል። ለእነሱ ሕክምናና ድጋፍ የሚያስገኝ ሕግ ይውጣ ስንል ግን የሚሰጡን መልሶች የተለመዱ ናቸው።

«የገጠር ነገር ነው፣ እዚህ የለም።»
አለ። አዳማ ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከሐረርጌ የመጣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ገጠር የተገረዘች ልጅ እዚህ መጥታ ስትማር፣ ስታገባ፣ ስትወልድ ጉዳቱም አብሯት ነው።

«ሕጉ እኮ አለ!»
የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ገልጠው ይዩት። በአንቀጽ 565 የገረዘ ሰው ቅጣቱ ከሦስት ወር የማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር የማያንስ መቀጮ ነው። በአንቀጽ 566 የሴትን ብልት ሰፍቶ ያጠበበ ሰው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል፤ በአካል ወይም በጤና ላይ ጉዳት ከደረሰ እስከ አሥር ዓመት ይሄዳል። ጥሩ። ግን ሁለቱም አንቀጾች የሚያወሩት ስለ ገራዡ ነው። የተገረዘችዋን ማን ያሳክማት? ምክር የት ታግኝ? አንድም መስመር የለም።

ይርጋም፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደብ፣ አለ። ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ቢበዛ በአምስት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። በስድስት ዓመቷ የተገረዘች ልጅ ገና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቷን ሳትጨርስ የመክሰሻው ጊዜ አለፈ ማለት ነው። ማን ይከስላት ነበር? ያስገረዟት ወላጆቿ? ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል።

«የሆነው ሆኗል፣ ሕክምና ምን ይፈይዳል?»
በጣም ይፈይዳል። የተሰፋች ሴት ሽንቷ ጠብ ጠብ እያለ ደቂቃዎች ይፈጅባታል። የወር አበባዋ እንደልብ አይወጣም፣ ሆዷን ይዛ ትተኛለች። ያንን ስፌት መክፈት ግን ቦታውን ብቻ አደንዝዞ የሚሠራ ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው። ጠባሳው ላይ የሚወጣ እባጭም ይታከማል። ለፍርሃቱና ለቅዠቱ ደግሞ የሠለጠነ አማካሪ ያስፈልጋል። የጎደለው የሠለጠነ ባለሙያ በየጤና ጣቢያው እንዲኖርና ወጪው እንዲሸፈን የሚያስገድድ ሕግ ነው።

«ሃይማኖት ያዛል።»
መጽሐፍ ቅዱስም ቁርኣንም የሴት ልጅ ግርዛትን አያዝዙም።

«ፈረንጅ ያመጣው ወሬ ነው።»
ቦጋለች ገብሬ የከምባታ ልጅ ነበረች። እሷም ተገርዛለች። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አገሯ ተመልሳ ከእህቷ ጋር ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅት አቋቋመች፤ ሰውን ሰብስባም በራሱ ቋንቋ አወያየች። በ2002 እ.ኤ.አ. እዚያው ከምባታ አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን በአደባባይ አሳውቃ ተዳረች። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 35 ሴቶችን የሚጎዳ ልማድን ይከለክላል። የማፑቶው ፕሮቶኮል የተባለው የሴቶች መብት ስምምነት ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት ነው። አንቀጽ 5 ለተጎጂዎች ሕክምና፣ የሕግ ድጋፍ፣ የሥነ ልቦና ምክርና የሙያ ሥልጠና ይሰጥ ይላል። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. አጽድቃዋለች። ስለዚህ የምንጠይቀው አገሪቱ ራሷ ቃል የገባችውን ነው።

«እንዲህ ያለ ሕግ ከወጣ እናቶቻችን ይታሰራሉ።»
የብዙዎችን አፍ የሚዘጋው ይሄ ነው፤ ፍርሃቱም ይገባኛል። «እናቴን አልከስም፣ ግን ልታከም እፈልጋለሁ» የምትል ሴት መብቷ ነው። የድጋፍ ሕግ ከክስ ጋር መታሰር የለበትም። ለሕክምና የፖሊስ ወረቀት አትጠየቅ። ለሐኪም የነገረችው ምስጢር ይጠበቅላት። መክሰስ የምትፈልግ ደግሞ ይርጋው 18 ዓመት ከሞላት ቀን ጀምሮ ይቆጠርላት። ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ላሉት ተመራጮቻችንም ሆነ ለጨፌ ኦሮሚያ አባላት ማቅረብ ያለብን እነዚህን ሦስቱን ነው።