የሰሜን አላስካ ወንዞችና ቱንድራ የካርታ ሥራ

ሰሜን አላስካ ከብሩክስ ተራሮች እስከ አርክቲክ ውቅያኖስ ይዘልቃል። ቱንድራ የሚባል ዛፍ የሌለው ምድር ነው፤ ከሥሩም ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ ምድር ነው። ወንዞቹን የአካባቢው ነባር ሕዝብ ኢንዩፒያቶች ከጥንት ጀምሮ በስም ያውቋቸዋል። ወረቀት ላይ የሰፈሩት ግን ዘግይተው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

አሜሪካ አላስካን ከሩሲያ የገዛችው በ1867 ነው። በ1880ዎቹ መኮንኖች የኮቡክና የኖአታክ ወንዞችን ቃኙ። በ1901 የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ (ምድርን የሚያጠናና ካርታ የሚሠራ የመንግሥት ተቋም) ባልደረቦች ፍራንክ ሽሬደርና ቀያሹ ዊልያም ፒተርስ በጆን ወንዝ ሽቅብ ወጡ። ተራራውን ተሻግረው በኮልቪል ወንዝ በኩል ባሕር ደረሱ። ቀላል ጉዞ አልነበረም።

ከሁሉም የሚገርመው ግን አሜሪካዊው ጂኦሎጂስት ኧርነስት ሌፊንግዌል ነው። በ1906 ከአንድ የዋልታ ጉዞ ቡድን ጋር መጣ። መርከባቸውን በረዶ ጎዳት። እሱ ግን በመርከቧ እንጨት ፍላክስማን ደሴት ላይ በተሠራች ጎጆ ከረመ። እስከ 1914 እየተመላለሰ የካኒንግ ወንዝን አካባቢና የባሕሩን ዳርቻ ቀየሰ። ወጪው በአብዛኛው ከግል ኪሱ ነበር።

በተናዱ ዳርቻዎች ውስጥ ሽብልቅ የመሰለ በረዶ አየና ምክንያቱን አብራራ። በብርዱ ወራት መሬቱ ይሰነጠቃል። በጸደይ የቀለጠ ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ በረዶ ይሆናል። ይህ በየዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ ሲደጋገም ሽብልቁ እየወፈረ ይሄዳል። ቱንድራው ከላይ ሲታይ በድንበር የተከፋፈለ እርሻ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሥራው በ1919 ታተመ። ሳድለሮቺት ብሎ የሰየመው አለት በ1968 ፕሩዶ ቤይ ላይ የተገኘው ነዳጅ ዋና ማደሪያ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬም ብዙ አይወራለትም።

በ1923 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ነዳጅ የተጠበቀው ክልል ቁጥር 4 እዚሁ ሰሜን አላስካ ውስጥ ሲከለል የሰርቬዩ ቡድኖች እስከ 1926 ድረስ እዚያ ሠሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአየር ፎቶ መጣና በ1950ዎቹ አንድ ኢንቻቸው መሬት ላይ አንድ ማይል የሆነ ካርታዎች ተዘጋጁ። እነዚህ ካርታዎች ግማሽ ምዕተ ዓመት አገለገሉ።

ከ2010 ወዲህ ደመና የማያግደው ራዳር በአውሮፕላን ተጭኖ ከፍታውን እንደ አዲስ ለካ። በእሱ መሠረት ለመላው አላስካ ከ11 ሺህ በላይ ባለ 1:25,000 (አንድ ሴንቲሜትሩ መሬት ላይ 250 ሜትር የሆነ) ካርታዎች ወጡ። የድሮው የወንዝ መስመር በአዲሱ ከፍታ ላይ ሲደረብ አንዳንዱ ወንዝ ዳገት ሲወጣ ታየ። ጥፋቱ ሁሉ የቀያሾቹ ነው ማለት ግን ይከብዳል። በጠጠር ላይ የሚፈሱት ወንዞች ጎርፍ በመጣ ቁጥር ቦይ ይቀይራሉ፤ ምድሩ ሲቀልጥም ዳርቻው ይናዳል። ስለዚህ የወንዞቹ መስመር ከራዳሩ መረጃ እንደገና መሳል ነበረበት።